ሕጉን ላልሰማው ማን ይንገረው?

«ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድንም» የሚለው አነጋገር በፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በዕድር ስብሰባና በገበያም ይሰማል። አነጋገሩ እውነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ይኸው አንቀጽ በቅን ልቡና ለተሳሳተና ለስሕተቱም በቂ ምክንያት ላለው ሰው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀልለት፣ በልዩ ሁኔታም ጨርሶ እንዳይቀጣው ይፈቅዳል። ሕግ አውጪው በአንድ እጁ አጥብቆ በሌላው ያላላው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕጉ ሰውን ሁሉ ያስገድዳል ካልን፣ ሕጉ ለሰው ሁሉ ሊደርስ ይችላል ማለታችን ነውና። እንግዲህ ሳይደርሰው የቀረ ሰው ቢኖር ዕዳው የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጻሕፍት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ወር የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀናት ውስጥም ቀርቦ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። እኔም ይህን ከጋዜጣ አነበብሁ፤ ጋዜጣውንም አጥፌ ከመሳቢያዬ አኖርሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ በጀሞ አካባቢ ልጆቿን ይዛ በኪራይ የምትኖር አንዲት እናት ወደ እኔ መጣች። አዲስ ቤት ስትከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ተጠይቃ፣ ገንዘቡን ተበድራ ከፍላለች፤ አሁን ብድሩን የምትመልስበት አጥታለች። አዋጁን ጠቅሼ እንዲህ ያለው ክፍያ እንደማይፈቀድ ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «አባ፣ እርስዎ ይህን ያውቁት ኖሯል?» ስትል ጠየቀችኝ። በድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ መልስ ያሳጣኝም ይኸው ነበር። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ የጉባኤና የመዋጮ ማስታወቂያ እናገራለሁ። ይህን ግን «የወረዳው ሥራ ነው» ብዬ ትቼው ነበር።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ሕግን ሲተረጉም አራት ነገሮችን ያስቀምጣል፦ ሕግ የአእምሮ ሥርዓት ነው፤ ለጋራ ጥቅም የተሠራ ነው፤ ማኅበረሰቡን የመጠበቅ ኃላፊነት ካለው አካል የወጣ ነው፤ የታወጀም ነው። አራተኛው የአፈጻጸም ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታየን ይችላል። ቅዱሱ ግን ከሕግ ባሕርይ ጋር ያያይዘዋል። መለኪያ መለኪያነቱ የሚታየው በሚለካው ነገር ላይ ሲውል ነው፤ ሕግም ሰውን ሊገዛ የሚችለው ወደ ሰው ዕውቀት ሲደርስ ነው። ታዲያ አዋጁ ሲነገር በስፍራው ያልነበሩትስ? ለዚህ ሲመልስ፣ ሕጉ በሌሎች ሰዎች በኩል እስከ ደረሳቸው ወይም ሊደርሳቸው እስከቻለ ድረስ እነርሱንም ያስገድዳቸዋል ይላል።

«በሌሎች ሰዎች በኩል» የሚለውን ቃል ቆም ብለን እንመልከተው። ያልሰማው ሰው በሕጉ የሚያዘው የሰማ ጎረቤት ስላለው ከሆነ፣ የሰማው ጎረቤት በነገሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የእርሱ ዝምታ ባልንጀራውን ሳያውቅ ለሚጠየቅበት ሕግ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ሕጉ የሰጠውንም መብት ያስቀርበታል። ስለዚህ ያወቅነውን መናገር እንደ ምጽዋት በፈቃዳችን የምንሰጠው ቸርነት ሳይሆን የፍትሕ ዕዳ ነው።

አባቶቻችን ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ ማንበብ የማይችለውም ይሰማ ነበር። በገበያ የሰማው ወደ ቤቱ ተመልሶ ላልሰማው ይነግር ነበር። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ በጋዜጣ መታተም ሲጀምር ስሙን ከዚያው ከበሮ ወረሰና «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ፤ የከተማችንም አስተዳደር ሕጎቹን የሚያወጣበት «አዲስ ነጋሪ ጋዜጣ» አለው። ወረቀቱ የከበሮውን ስም ወረሰ እንጂ ድምፁን አልወረሰም። ታትሞ ይቀመጣል፤ የሚጎስመው ግን ሰው ነው። የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ መባሉም ያለ ሽቦ በነፋስ ከሚያልፍ መልእክት ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ያለ ስም በያዘ ሰፈር ወሬ ሁሉ ደርሶ ሕጉ ብቻ ሳይደርስ ቢቀር ያሳዝናል።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 ዕዝራ በውኃው በር አደባባይ ለሕዝቡ የሕጉን መጽሐፍ ሲያነብ እናያለን። ሌዋውያኑ በሕዝቡ መካከል ሆነው ሕዝቡ የተነበበውን እንዲያስተውል ያስረዱ ነበር። መነበቡ ብቻ አልበቃም። ቤተ ክርስቲያንም በራሷ ሕግ ይህን ጠብቃለች። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ታውጆ በሥራ ላይ የዋለው በ1991 ነው። በመካከሉ የተሰጠው ጊዜ ሕጉ እንዲሰማና እንዲጠና ነበር።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ይህ የመንግሥት ግዴታ ነው» የሚል ነው። ትክክል ነው። የአወጀ አካል ግልጽ በሆነ ቋንቋና በቂ ጊዜ ሰጥቶ የማሳወቅ ቀዳሚ ግዴታ አለበት፤ እኛ ስለ ተናገርን ያ ግዴታ አይቀልለትም። ነገር ግን የሌላው ግዴታ መጓደል የእኛን አይሰርዘውም። ሁለተኛው «የሕግ ባለሙያዎች አይደለንም» ይላል። ይህም ትክክል ነው፤ ስለሆነም ልንተረጉም ወይም በሙግት ልንመክር አይገባንም። የታተመውን ማንበብ፣ ባለሙያውንም ማመልከት ግን ይቻለናል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሦስተኛው «ወደ ፖለቲካ ያስገባናል» የሚል ሥጋት ነው። ሕጉ ምን እንደሚል መንገር አንድ ነገር ነው፤ ሕጉን ማሞገስ ወይም መንቀፍ ሌላ ነው። ሁለቱን ካልቀላቀልን ሥጋቱ ይወገዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ከዝምታ ይልቅ አሉባልታ ነው። «ሰማሁ» እና «አነበብሁ» እኩል አይደሉም። ባልተጣራ ወሬ የተደናገጠ ቤተሰብ ንብረቱን በርካሽ ሊሸጥ፣ ወይም «አስፈጽምልሃለሁ» ባይ አታላይ እጅ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከመናገራችን በፊት የአዋጁን ቁጥር፣ የሚመለከታቸውን ሰዎች፣ እስከ መቼ ወዴት መሄድ እንደሚገባ ማወቅ አለብን። ይህን ያላወቅን እንደሆነ «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ማለት ክብር ነው እንጂ ውርደት አይደለም።

ሕግ የሚከለክል ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም መሆኑን አንርሳ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መኖሩን፣ መክፈል ለማይችሉ ድሆችም መዋጮው በመንግሥት ሊሸፈን እንደሚችል ያልሰማ ሕመምተኛ ከቤቱ ተኝቶ ይቀራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ሆኖም የጥምቀት ምስክር ወረቀት ይበቃናል ብለው የሚዘገዩ ወላጆች በመካከላችን አሉ። ሕፃን ለማስጠመቅ የሚመጡትን «ልጁን በወረዳ አስመዝግባችኋልን?» ብሎ መጠየቅ ለካቴኪስቱ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

በአገራችን ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ተበደልሁ ሲል «በሕግ አምላክ!» ብሎ በዳዩን ያቆመው ነበር። ሕጉን ሳያነብ በሕጉ የታመነው፣ ከሕጉ በስተጀርባ ፍትሕ አለ ብሎ ስላመነ ነው። ይህን እምነት የሚያጸናለት ወይም የሚያፈርስበት ከአጠገቡ ያለው የሚያውቅ ሰው ነው።

ያቺ እናት ከቤቱ ባለቤት ጋር በሽማግሌዎች ፊት ተነጋግራ የገንዘቡ ከፊል ተመለሰላት። እኔም ጋዜጣውን ከመሳቢያዬ አውጥቼ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፍሁት፤ በሚቀጥለው እሑድም አነበብሁት። ዘግይቼ ነበር። ምእመናንና መምህራን ሆይ፣ የእናንተስ መሳቢያ ምን ይዟል? በጎረቤታችሁ «እርስዎ ይህን ያውቁት ኖሯል?» ተብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ክፈቱት።