ባዶና ዜሮ

ተማሪ ሳለን ፈተና ላይ አንድም ያልመለሰውን ልጅ «ባዶ አገኘ» እንለው ነበር። ጭራሽ ያልተፈተነውም ልጅ ውጤቱ ቦታ ላይ ምንም ስለማይጻፍ እሱም «ባዶ ነው»። አንዱ ቀርቦ ዜሮ ያገኘ፣ ሌላው ያልመጣ፤ ቃሉ ግን አንድ። ልዩነቱ ግድ የሰጠኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ፕሮግራመር ሆኜ፣ አንዲት እናት ቢሮ ድረስ መጥተው ሲጠይቁኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። አንድ ድርጅት ለተማሪዎች የደብተርና የዩኒፎርም ድጋፍ ይሰጣል። ወላጆች በድረ ገጽ ቅጽ ይሞላሉ፤ እኔ የገባውን አጥርቼ፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለውን አስቀድሜ ዝርዝር አወጣለሁ። የጻፍኩት በፒኤችፒ ነው። እንዲህ ያለ መረጃ እዚያ ውስጥ የሚያዘው አሬይ በሚባል ነገር ነው፤ እንደ እድር መዝገብ አስቡት። መዝገቡ አንድ ትልቅ አሬይ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ደግሞ «ስም»፣ «ክፍል»፣ «ወርሃዊ ገቢ» የሚሉ መጠሪያዎች ያሉት ትንሽ አሬይ። ኮዱ መስመሮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያያል፣ ያልተሟላውን ይጥላል፣ የቀረውን ይደረድራል።

ያልተሟላውን ለመጣል «አሬይ ፊልተር» ውስጥ «ኢምፕቲ» የሚለውን ተጠቀምኩ፤ «ባዶ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ገቢው ባዶ ከሆነ መስመሩ ይውጣ። ሞከርኩት፣ ሠራ።

ዝርዝሩ ከተለጠፈ በኋላ ነው እናትየዋ የመጡት።

«የልጄ ስም የለም።»

«ምናልባት ቅጹ ሳይሟላ ቀርቶ ይሆናል፣ እማማ።»

«ኧረ ተሟልቷል፣ ልጄ። የጎረቤት ልጅ ነው የሞላልኝ። ገቢ ሲለኝ የለኝም አልኩት፤ ዜሮ ብሎ ጻፈ።»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ገባኝ። ከቅጽ የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ቁጥርም ቢሆን፣ በጽሑፍ መልክ ነው የሚደርሰው። ፒኤችፒ ደግሞ «0» የሚለውን ጽሑፍ ልክ ምንም እንዳልተጻፈበት ቦታ ባዶ ይለዋል። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት እንዲህ አያደርጉም። እዚያው ፒኤችፒ ውስጥ እንኳ የጎረቤት ልጅ «00» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ያልፍ ነበር። የኔ ኮድ ትንሽ ገቢ ያላቸውን ከላይ አስቀምጦ፣ ምንም የሌላቸውን እንዳልመለሱ ቆጥሮ አስወጥቷቸዋል። ስክሪኑ ላይ አንድም የስህተት መልእክት አልወጣም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «የቋንቋው ጣጣ ነው ባክህ» አለኝ። ደስ ይላል እንዲህ ሲሉህ። ግን የቋንቋው መመሪያ ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ለነገሩ ማምታታቱ የፒኤችፒ ብቻ አይደለም። የግዕዝ አኃዝ ለዜሮ ምልክት የለውም፤ ዛሬ ዜሮን የምንጠራበት «አልቦ» እንኳ በግዕዝ «የለም» ማለት ነው።

እና ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ክፋት አላሰብኩም። አለማወቅ ነው ብዬ እንዳልፈው ደግሞ አንድ ነገር ይከለክለኛል። ኮዱን ስሞክር የፈጠርኳቸውን ቤተሰቦች ተመልሼ አየሁ። አንዱ ገቢው 12500 ብር፣ አንዱ 8000፣ አንዱ 4200፤ አራተኛው ቅጹን ሳይሞላ የተወ። ዜሮ የለም። ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ፕሮግራም እየጻፍኩ፣ ምንም የማይገባበት ቤት አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም። የተማርኩት ምህንድስና ብዙ ነገር አስተምሮኛል፤ የሙከራ መረጃ የጻፈውን ሰው ሰፈር እንደሚመስል ግን የነገረኝ የለም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እዚህ ግን የወጋውም አላወቀ፣ የተወጋውም ማን እንደወጋው አላወቀ። ስህተቴ ገቢ ያለውን ሰው ቢነካ ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት አሥር ስልክ ይደወልልኝ ነበር። ዜሮ የጻፉት ሰባት ነበሩ፤ የመጡት አንድ። ለስድስቱ ስንደውል አንድ አባት «እኔማ ዕድሌ ነው ብዬ ትቼው ነበር» አሉኝ። የኔን አንድ መስመር ዕድል አድርገው ተቀብለውታል። ይሄ ከስህተቱ በላይ ከበደኝ። እኛ የምንጽፈው ነገር ሰው ጋ ሲደርስ የሰው እጅ አይመስልም፤ እንደ ዝናብ መቅረት ነው የሚታየው። በዝናብ ደግሞ ማንም አቤት አይልም።

ማስተካከያው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አሁን ኮዱ «ባዶ ነው ወይ?» አይልም፤ «እዚህ ቦታ ላይ አንድም ፊደል አልተጻፈም ወይ?» ይላል። የሙከራ መረጃ ስጽፍም የመጀመሪያው ቤተሰብ ገቢው ዜሮ ነው።

ያልጨረስኩት ሌላ ነው። ዜሮ የጻፉት ተመለሱ፤ ባዶ የተዉትን ግን ኮዱ ለጊዜው መጣሉን ቀጥሎ ነበር። ትክክል ነው፤ አልመለሱማ። አንድ ማታ ግን እናትየዋ «የለኝም» ሲሉ እንዴት ድምፃቸውን ዝቅ እንዳደረጉ ትዝ አለኝ። በጎረቤት ልጅ ፊት ዜሮ ማስጻፍ አፍሮ ቦታውን የዘለለ ሰውስ? ይህን የሚያውቅ ትእዛዝ በየትኛውም ቋንቋ የለም። ስለዚህ ባዶዎቹን መጣል ትቼ ለብቻ በሌላ አሬይ ሰበሰብኳቸው፤ ከአጠገባቸው ስልክ ቁጥራቸውን አወጣሁ። የሚደውለው ሰው ነው።