የወፍ በሽታ የያዛት ድመት

ልጄ፣ ጠዋት ስለ ድመትሽ ስትደውዪ መኪና እየነዳሁ ነበርና «አሁኑኑ ውሰጃት» ከማለት በቀር አላብራራሁልሽም። ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቂ ይህን አንብቢው።

እኔም ኦክላንድ በገባሁ ሰሞን ድመቴ ምግብ እንቢ ስትል «ጾም ይዛ ነው» እያልኩ ስቄ ሦስት ቀን አሳለፍኩ። በአራተኛው ቀን መስኮት ሥር ፀሐይ ስትሞቅ ጆሮዋን አየሁት፤ የውስጡ ቆዳ እርድ የነካው ጨርቅ መስሏል። ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ ባይ ድዷም ቢጫ ነው። የወፍ በሽታ! ዕድሜዋን ሙሉ ወፍ ስታሳድድ ኖራ።

አንዱ መንስኤው ይህ ነው፦ የድመት የሐሞት ቱቦና የቆሽት ቱቦ አንጀት ከመድረሳቸው በፊት ይገናኛሉ፤ በር ይጋራሉ በይው። አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ኢ. ኮላይ የሚባለው፣ በዚያች በር ሽቅብ ወጥቶ ቱቦውን ያስቆጣል። ጉበት፣ ቆሽትና አንጀት አብረው ሲታመሙ ሐኪሞቹ ትራያዳይቲስ ይሉታል። በዚያ ላይ ድመት ሳትበላ ስትውል ስታድር፣ በተለይ እንደ አንቺዋ ወፍራም ከሆነች፣ የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሌላ በሽታ ይሆናል። የእኔ ጾም ቀልድ ያመጣው ይህንን ነው።

ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣሽውን አሞክሲሲሊን እንዳትነኪው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ከሐሞት ከረጢቷ በመርፌ ናሙና ሊቀዳ ይችላል፤ አስቀድመሽ መድኃኒት ከሰጠሻት ባክቴሪያው ምርመራው ላይ ሊደበቅ ይችላል። ታይሌኖልማ በጭራሽ! አንዲት ፍሬ ድመት ልትገድል ትችላለች።

አንቲባዮቲክ ካዘዙላት ሳምንታት ይፈጃል፤ ተሻላት ብለሽ እንዳታቋርጪ። ክኒኑን ካዋጥሻት በኋላ በሲሪንጅ ትንሽ ውሃ አስከትዪ፣ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ እንዳያቆስላት። በአንገቷ በኩል የምግብ ቱቦ ቢያስገቡላት አትደንግጪ። የእኔዋ እንዲያ ሆና ነው የዳነችው፤ ሌሊት እየተነሣሁ በሲሪንጅ ሳበላት ባለቤቴ «ለእኔ እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?» ትለኝ ነበር።

የዋጋውን ግምት ከምርመራው በፊት በጽሑፍ ጠይቂ፤ አይቀየሙሽም። ከበድ ካለ ወደ ዴቪስ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል፣ ሊልኩሽ ይችላሉ። አንቺ ካለሽበት ከሳን ሆዜ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ያን ጊዜ ደውዪ፣ እኔ እነዳለሁ።