ወንዝ ማጽዳት ሰደቃ ነው ወይስ ዕዳ?

 

ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቧቸው ሐዲሶች መካከል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው አንድ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አምስቱን የዕለት ሶላቶች በሰው ደጃፍ ከሚፈስ ወንዝ ጋር አመሳስለዋቸዋል። ሰውየው በቀን አምስት ጊዜ ቢታጠብበት በገላው ላይ እድፍ እንደማይቀር ሁሉ፣ ሶላትም ወንጀልን እንዲሁ ታጥባለች። ለመሆኑ ቀጨኔ ወይም ቀበና ወንዝ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ቁርኣን ቤት የሚማር የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን ይታየዋል? በደጃፉ የሚያልፈውን ወንዝ እንዳይጠጋው እናቱ ትከለክለዋለች። እግሩን ቢነክርበት እንኳ ቤት ሲገባ በቧንቧ ውኃ በሳሙና ይታጠባል። ምሳሌው የሚሠራው ወንዙ ንጹሕ ሲሆን ነው። እኛ ወንዙን ከምሳሌው ውስጥ አውጥተን ጥለነዋል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንዳንድ ሰፈሮች ወጣቶች እሑድ ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ቦት ጫማ አጥልቀው፣ የማዳበሪያ ጆንያ ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። እኔም በሰፈሬ ካሉት ጋር አልፎ አልፎ እወርዳለሁ። የሚወጣው ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ያለቀ ጫማ፣ ዳይፐር፣ ገረባ። (ገረባውን ማን እንደጣለው የዚህ ጋዜጣ አንባቢ አይጠፋውም።) ከድልድዩ ላይ ሆነው የሚመለከቱ ሰዎች ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰጣሉ። አንዱ፣ «ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ፤ ግን ለምን ትደክማላችሁ? ነገ ተመልሶ ይሞላል» ይላል። ሌላው፣ «ማሻአላህ! ይህ ትልቅ ሰደቃ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ተስፋ አስቆራጭ፣ ሁለተኛው አበረታች ይመስላሉ። በበኩሌ ግን ሁለቱም በአንድ ስሕተት የሚጋሩ ይመስለኛል፤ ሥራውን ከግዴታ በላይ የሆነ በጎነት አድርገው ነው የሚያዩት።

እስቲ ውኃውን እንከተለው። ከእንጦጦ ሲነሣ ምንጭ ነው። ቀጨኔ፣ ቀበና፣ ባንቲከቱ፣ ትንሹ አቃቂ፣ ትልቁ አቃቂ እየተባለ ከተማይቱን ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ በስተደቡብ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛል። ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ቆቃን አልፎ፣ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ ለአዳማ ሕዝብ የመጠጥ ውኃ ሰጥቶ፣ መተሐራን አቋርጦ፣ በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ የተሸከመውን የሚያራግፍበት ሌላ ስፍራ የለውም። እንግዲህ አሳይታ አጠገብ አንድ አፋር ወንድማችን ግመሉን አጠጥቶ ለዙሁር ውዱእ ሲያደርግ፣ ከሚዘግነው ውኃ ከፊሉ በእኛ ድልድይ ሥር ያለፈ ነው። ርቀቱ ያጣራዋል ብለን እንጽናና ይሆናል። ነገር ግን ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮም እንደ ፌስታል አይለቀምም፤ እንደ እበትም በስብሶ አይጠፋም።

ዙበይር (ረ.ዐ.) እና አንድ የመዲና ሰው በመስኖ ውኃ ተጣልተው በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የፈረዱት የላይኛው አጠጥቶ ለጎረቤቱ እንዲለቅ ነበር። የላይኛው ቅድሚያ አለው፤ ባለቤትነት ግን የለውም። ፉቀሃዎችም ለጉድጓድና ለወንዝ «ሐሪም» አበጁ፤ ማለትም በውኃው ዙሪያ ማንም እንደፈለገ የማይሠራበትና የማያቆሽሽበት የተጠበቀ ቦታ። ልብ በሉ! በዚያን ጊዜ ጠቡ የተነሣው ውኃው አልተለቀቀልኝም በሚል ነው። የእኛ የታችኛው ጎረቤት ውኃው ይደርሰዋል፤ የእርሱ ክስ ሌላ ነው።

ወደ እንስሳቱ ልምጣ። ብዙ ሰው የከተማ ወንዝ ከአይጥ በቀር ነዋሪ ያለው አይመስለውም። ሌሊት የምንሰማው የጅብ ድምፅ ከወዴት ነው የሚመጣው? ከወንዙ ሸለቆ ነው። ጠዋት በጩኸቷ ሰፈር የምትቀሰቅሰው፣ ጉሮሮዋ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለባት ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም አትኖርም። አባ ሳሙኤል ላይ ደግሞ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በየዓመቱ ይሰፍራሉ። እንግዶች ናቸው፤ የምናስተናግዳቸውም በእኛ ፍሳሽ በሰባ፣ እምቦጭ በሚወረው ውኃ ላይ ነው።

ስለ እንስሳ ሲነሣ ሁላችንም የምንጠቅሰው ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ መጨረሻው ምሕረት ነውና። የድመቷን ሐዲስ ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ሴትዮዋ የተቀጣችው ድመቷን በመደብደቧ አልነበረም። አስራ ያዘቻት፤ አላበላቻትም፤ ከምድር ነፍሳት እየለቀመች እንድትበላም አልለቀቀቻትም። በዚህ በመጨረሻው ላይ ቆም እንበል። የድመቷ ሪዝቅ በምድር ላይ ተበትኖላት ነበር፤ ሴትዮዋ በመካከል ገባች። እኛስ? ዓሣና እንቁራሪት የማይኖርበት፣ ከዝንብና ከትንኝ በቀር የማይፈለፈልበት ውኃ ስንፈጥር ማንንም በገመድ አላሰርንም። ሪዝቃቸው ያለበትን ምድር ግን ቆልፈንባቸዋል። ስለዚህ ወንዝ የሚያጸዳ ሰው ውሻውን ካጠጣው ሰውዬ ይልቅ የድመቷን ገመድ ለሚፈታው ይቀርባል። ራሱ ያሰረውን የፈታ ሰው ደግሞ ቸር አይባልም።

ዕዳ ነው ካልን ብዙ ነገር ይለወጣል። ባለ ዕዳ ሲከፍል ባነር አያሰቅልም፣ ፎቶም አይነሣም። ከሁሉ በፊት ደግሞ አዲስ ዕዳ መጨመር ያቆማል። ክረምት ሲገባ፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጠብቆ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ወደ ወንዝ የሚለቅ ባለ ፎቅ ቤት አለ። የተቃጠለ ዘይት የሚደፋ ጋራዥ አለ። ከእነዚህ ውስጥ ሶፍ ላይ ከጎናችን የሚቆሙ የሉም? ቱቦው ወዴት እንደሚሄድ ተጠይቆ የማያውቅ የመስጊድ መጸዳጃስ የለም? በሰው መንገድ፣ በጥላና በውኃ መውረጃ ላይ መጸዳዳት እርግማን እንደሚያመጣ የተነገረው ለሌላ ሕዝብ አይደለም።

«ፋብሪካው ቢዘጋ ሠራተኛው ምን ይብላ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ይዘጋ ያለ የለም፤ ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ ነው የተባለው። መቼም የማጣሪያው ወጪ ባለመውጣቱ የተገኘው ትርፍ ከየትም አልመጣም፤ በመካኒሳና በላፍቶ በወንዙ ውኃ ቆስጣና ሰላጣ ከሚያመርተው ገበሬና ያንን ገዝተን ከምንበላው ከእኛ ጤና ላይ ነው የተቆረጠው።

ይበልጥ የሚከብደኝ የወንዝ ዳር ድኻ ጉዳይ ነው። ሽንት ቤት የሌለው፣ ቆሻሻ የሚያነሣለት የሌለው ቤተሰብ እኩል ባለ ዕዳ ነው? አይመስለኝም። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ይሁንና ወንዙ በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በእርሱ ላይ ነው። ነገሩ የአያ ጅቦ ተረት ነው፤ ጅብ ከላይ ሆኖ እየጠጣ ከታች ያለችውን አህያ ውኃውን አደፈረስሽብኝ አላት። ትልቅ ቱቦ ያለው ሰው ትንሽ ባልዲ የያዘውን ሲከስ በሰማሁ ቁጥር የአህያዋ መልስ ትዝ ይለኛል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ ትልቅ የወንዝ ዳር ልማት ተይዟል፤ መናፈሻዎቹም ያማሩ ናቸው። የዳርቻው ማማር ግን የውኃው መንጻት አይደለም። ሕጉም ቢሆን አዲስ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። ከሙንከር መከልከል የሚባለው በዘመናችን አንዳንዴ እንዲህ ያለ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከቁርጭምጭሚት በላይ እንደ መጠለቅ ደስ አይልም፤ ቢሮ ለቢሮ ያመላልሳል፣ ያስቀይማል።

አንዳንድ ወንድሞች ለዚያ ተስፋ አስቆራጭ መልስ ሲሰጡ የችግኙን ሐዲስ ይጠቅሳሉ፤ ቂያማ ቢቆምም በእጅህ ያለውን ችግኝ ትከል የሚለውን። ሐዲሱን እወደዋለሁ፤ እዚህ ቦታ ሲጠቀስ ግን ምቾት አይሰጠኝም። ቂያማ የሚመጣው በአላህ ውሳኔ ነው፤ ችግኙን የሚተክለው ሰውም ሊያስቆመው አይችልም። ወንዙን ሰኞ ጠዋት መልሶ የሚሞላው ግን ስምና አድራሻ ያለው ሰው ነው፤ ሄደን ልናነጋግረው እንችላለን። የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ እንጂ በትዕግሥት ብዛት አይደለም።

በሰፈራችን ወጣቶቹ ይህንኑ ተነጋግረው፣ ከእኛ በላይ ፍሳሽ ስለሚለቅ አንድ ድርጅት ማመልከቻ ተረቅቋል። ከመላኩ በፊት ወደ ባለቤቱ ሽማግሌ እንዲሄድ ተወስኖ ሁለት አባቶች ፈቃደኛ ሆነዋል። ያልተስማማነው ማመልከቻው የመስጊዱ ማኅተም ይረፍበት አይረፍበት በሚለው ላይ ነው። ከወጣቶቹ ግማሾቹ የመስጊዱ የራሱ ቱቦ ተቆፍሮ ወዴት እንደሚወርድ ሳይታይ ማኅተም አይደረግም ይላሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ቆፋሪ ተፈልጎ የፊታችን ሐሙስ ይጀመራል።