ዝምታ ድምፅ ነውን?



«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲባል እየሰማን አድገናል። በሽምግልና ጊዜም ልጅቱ ተጠይቃ አንገቷን ደፍታ ዝም ካለች «እሺ ብላለች» ተብሎ ይታለፋል። እንግዲህ በእኛ ዘንድ ዝምታ አንድ ጊዜ ጥበብ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፈቃድ ሆኖ ይቈጠራል ማለት ነው። (የልጅቱ ዝምታ በእርግጥ ፈቃድ ነበር ወይ የሚለውን ለጊዜው እንተወው፤ በዚህ ላይ ብዙ እናቶቻችን የሚሉት አላቸው።) እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግኩት ግን ዝምታ በሕግ «እንቢታ» ሆኖ ስለ ተቈጠረበት አገር ነው። ይኸውም የብሪታንያ ነርሶች በ2022 እና በ2023 ስለ ደመወዛቸው የሰጡት ድምፅ ነው። ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል። ነገሩ የሩቅ ቢመስልም፣ ከእኅቶቻችንና ከወንድሞቻችን መካከል በዚያ አገር ሆስፒታሎች የሚሠሩ አሉ፤ ጥያቄውም የኅሊና ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ ላስረዳ። ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ነርሲንግ የሚባለው በ1916 የተቋቋመ ነው፤ ስሙ ኮሌጅ ይሁን እንጂ የነርሶች የሙያና የሠራተኛ ማኅበር ነው። እስከ 1995 ድረስ አባላቱ ሥራ እንዳያቆሙ የገዛ ራሱ መመሪያ ይከለክላቸው ነበር። በ2019 የሰሜን አየርላንድ አባላቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አቆሙ። በ2022 ደግሞ የኑሮ ውድነት መላውን አገር አስጨነቀ፤ በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር የችርቻሮ ዋጋ ካለፈው ዓመት ይልቅ ከ14 ከመቶ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። መንግሥት በእንግሊዝ ላሉት ለአብዛኞቹ ነርሶች የወሰነላቸው ጭማሪ ግን በዓመት 1,400 ፓውንድ ያህል ነበር። ማኅበሩ ከዋጋው ንረት 5 ከመቶ በላይ የሆነ ጭማሪ ጠየቀ። መንግሥት ይህን ያህል ልከፍል አልችልም አለ። ስለዚህ ማኅበሩ በ106 ዓመት ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በመላው ብሪታንያ ላሉ አባላቱ «ሥራ እናቁም ወይስ አናቁም?» የሚል የድምፅ መስጫ ወረቀት ላከ።

ወረቀቱ የሚላከው በፖስታ ወደየቤቱ ነው፤ የሚመለሰውም በፖስታ ነው። (በዚያው ወራት የፖስታ ሠራተኞቹ ራሳቸው ስለ ደመወዝ ሥራ የሚያቆሙባቸው ቀናት ነበሩ፤ የአንዱ አድማ የሌላውን አድማ ወረቀት ሊያዘገየው ይችል ነበር ማለት ነው።) በስብሰባ ላይ እጅ በማንሣት መወሰን ቀርቶ በምሥጢር ድምፅ እንዲሰጥ ያስገደደው የ1984ቱ ሕግ ነው። ያን ሕግ ብዙዎች ለማኅበራቱ ጠላትነት ያለው ነው ይሉት ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ምሥጢር መሆኑ መልካም ነው። በአለቃው ፊትም ሆነ በጓደኛው ፊት የሚፈራ ሰው በጓዳው ተቀምጦ እውነቱን መጻፍ ይችላልና።

ጥያቄ የሚያስነሣው የ2016ቱ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የአድማ ድምፅ እንዲጸና ወረቀት ከደረሳቸው አባላት ቢያንስ ግማሹ ድምፅ መስጠት ነበረባቸው። እንደ ድንገተኛ ሕክምና፣ ትምህርት ቤት፣ እሳት አደጋና መጓጓዣ ባሉ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎቶች ላይ ደግሞ ሌላ ገደብ ተጨመረ፤ ድምፅ የሰጠውም ያልሰጠውም በጠቅላላው ተቈጥሮ ከመቶው 40ው «እሺ» ማለት ነበረበት። ስለዚህ ድምፅ ያልሰጠ ሰው ሳይጠየቅ ከእንቢተኞቹ ጎን ተሰለፈ ማለት ነው።

ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አልወጣም። ነርሷ ሥራ ብታቆም የሚጎዳው ደመወዝ ከፋዩ ሳይሆን አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ነው፤ እርሱ ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀት አይደርሰውም። ጥቂቶች ተሰብስበው የብዙዎችን አገልግሎት እንዳያቋርጡ መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕጉን ያወጣው መንግሥት ራሱ በ2015 ሲመረጥ፣ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 37 ከመቶ ያህሉን ነበር ያገኘው፤ ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ደግሞ ከተመዘገበው 66 ከመቶ ያህል ነበር። ሁለቱ ሲባዙ ከመራጩ ሕዝብ ሩቡም አልሞላም። በሌላው ላይ የጫነውን ሚዛን በራሱ ላይ ቢያደርገው ኖሮ ሥልጣን ባልያዘ ነበር።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሒሳቡ በኅሊና ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። በአንድ ሆስፒታል 1,000 የማኅበሩ አባላት አሉ እንበል። 499ኙ ድምፅ ሰጡ፤ ከእነርሱም 450ዎቹ አድማውን ደገፉ። ግማሽ አልሞላምና ድምፁ ውድቅ ይሆናል። አሁን አንዲት ነርስ እናስብ። በሽተኛን ትቶ መውጣት ኃጢአት ነው ብላ በቅንነት ታምናለች። ወረቀቷ ላይ «እንቢ» ብላ ጽፋ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ብትጥለው 500ኛዋ ድምፅ ሰጪ ትሆናለች፤ ቁጥሩ ይሞላል፤ አድማውም ይጸናል! ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ብትተወው ግን አድማው ይቀራል። በእውነት የተጻፈው «እንቢ» ለአድማው ረዳው፤ መሳቢያው አስቀረው። እንግዲህ ይህች እኅት ምን ማድረግ ይገባታል?

አንዳንዱ «ምን ነውር አለው? ሕጉ የሰጣትን መንገድ ነው የተጠቀመችው፤ ማንንም አልዋሸች፤ የሰው ሕይወት የሚያስጨንቃት ከሆነ ደግሞ የሚሠራውን መንገድ መምረጥ አለባት» ይል ይሆናል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ሆኖም አልቀበለውም።

የመጀመሪያው ምክንያቴ፣ ዝምታዋ ብቻውን አይሠራም። ኃይል የሚያገኘው ከሌሎች 500 ዝምታዎች ጋር ሲደባለቅ ነው። ከእነዚያ ውስጥ አንዷ ቤት ቀይራ ወረቀቱ አልደረሳትም፤ አንዷ ሌሊቱን ቆማ አድራ እንቅልፍ ጥሏት የፖስታው ጊዜ አለፋት፤ አንዱ ደንታ የለውም። የእነርሱን ድካምና ቸልተኝነት ለራሷ አሳብ ጉልበት አድርጋ ትጠቀምበታለች ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ስለ በሽተኛው ያላት ጭንቀት የሚሰማ ከሆነ ማኅበሩን ሊያሳስበው የሚችል ነገር ነው። 100 «እንቢ» ተቈጥሮ ቢወጣ መሪዎቹ «እነዚህ ለምን እንቢ አሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከመሳቢያ ውስጥ ግን ማንም ምንም አይሰማም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 እጁ የሰለለች ሰው በምኵራብ ቆሞ ሳለ፣ በሰንበት በጎ ማድረግ ይፈቀድ እንደ ሆነ ጌታ ሰዎቹን ጠየቃቸው፤ እነርሱ ግን ዝም አሉ። አሳብ አጥተው አልነበረም። አሳብ ነበራቸው፤ ብቻ ከመናገር ይልቅ ዝም ማለቱ ለዓላማቸው ይጠቅማቸው ነበር። ጌታም ስለ ልባቸው ድንዛዜ አዘነ ይላል። ያች ነርስ እንደ እነዚያ ሰዎች ክፉ ናት ማለቴ አይደለም፤ ዓላማዋ ማዳን ነው። የዝምታው ዓይነት ግን አንድ ነው።

«ታዲያ የምታምንበትን ጽፋ አድማው ቢጸና በኅሊናዋ ላይ ግፍ አልተፈጸመም ወይ?» ለሚለው፣ ሌላ በር አላት። በዚያ አገር ሕግ አባሉ ድምፁ ከጸና በኋላም ሥራውን ቢቀጥል ማኅበሩ ሊቀጣው አይችልም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ እውነቷን ጽፋ፣ በአድማውም ቀን ከበሽተኛዋ አልጋ አጠገብ ልትገኝ ትችላለች። ከበር ላይ ሰልፍ ይዘው የቆሙት ጓደኞቿ ዐይን መክበዱ አይቀርም። ማኅበሩም ራሱ ይህን ነገር ፈጽሞ አልዘነጋም፤ ዲሴምበር 15 እና 20 ቀን 2022 ነርሶቹ ሥራ ሲያቆሙ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የኩላሊት እጥበትና የካንሰር መድኃኒት አሰጣጥ እንዳይቋረጥ ተደርጎ ነበር። ቀጠሮው ለተላለፈበት በሽተኛ ግን ይህ መጽናኛ አልሆነለትም።

ቀጥሎ የሆነውን እናንተው ፍረዱ። በማርች 2023 መንግሥት ለእንግሊዝ ነርሶች 5 ከመቶና የአንድ ጊዜ ክፍያ ሲያቀርብ፣ ድምፅ ከሰጡት የማኅበሩ አባላት 54 ከመቶው አልቀበልም አሉ። ሌሎቹ ማኅበራት በብዛት ስለ ተቀበሉት ግን ክፍያው ተፈጸመ። የመጀመሪያው የአድማ ድምፅ የሚሠራው ለስድስት ወር ብቻ ነበርና እንደገና ወረቀት ተላከ። በጁን 2023 ሲቈጠር ድምፅ ከሰጡት 84 ከመቶው አድማውን ደግፈው ነበር። ነገር ግን ወረቀቱን የመለሰው ከመቶው 43 ያህሉ ብቻ ሆነ። ውድቅ ተደረገ፤ አድማውም በዚያው ቆመ።

የወሰኑት እንግዲህ 57ቱ ናቸው። ከእነርሱ ስንቱ ደክሞት፣ ስንቱ 5 ከመቶው ይበቃኛል ብሎ፣ ስንቱ በሽተኛውን አስቦ እንደ ሆነ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዝምታ ሆነው ተቈጠሩ። ማኅበሩ ሕጉን ወቀሰ። ሌሊት ሠርታ ለደከመችው እፈርድ ዘንድ ልቤ አይፈቅድም። አስቦ ያስቀረውን ግን እጠይቀዋለሁ።

ደግሞም ይህ የፈረንጅ ነገር ብቻ አይደለም። በየማኅበራችን ስብሰባ ውሳኔው እንደማይጥመው ያወቀ ሰው ተነሥቶ ሲወጣ አላየንም? ሐሳቡን ተናግሮ ከመሸነፍ ይልቅ ምልዓተ ጉባኤው እንዲጎድል ያደርጋል። ዕድር በዚህ ይሻላል፤ የቀረ ይቀጣል፣ ምክንያት ያለው ምክንያቱን ይናገራል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ በእኛ አቈጣጠር በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ ሥራ ባቆሙ ጊዜም እንዲህ ያለ በሕግ የታወቀ የድምፅ ቈጠራ አልነበራቸውም። የሚመለስ ወረቀት በሌለበት ማን ዝም እንዳለ ማወቅ እንኳ አይቻልም።

በብሪታንያ ከ2024 ወዲህ ሥልጣን የያዘው መንግሥት የ2016ቱን ሕግ አብዛኛውን ክፍል ለመሻር ተነሥቷል። ግማሽ ይሙላ የሚለው ገደብ ከቀረ፣ ያች እኅት ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ ብትተወው አድማውን አታስቀረውም። ያን ጊዜ «እንቢ» ለማለት የሚቀራት መንገድ ጽፎ መላክ ብቻ ይሆናል።