የአርብ ዳቦ፦ በስደት ቤት ትንሽ ደስታ ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፥ በሳባህ አል-ሳሌምና በዙሪያዋ፥ በየሰው ቤት ሆናችሁ ይህን መልእክት በስልካችሁ የምታነቡ እኅቶችና ወንድሞች፥ የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ዳቦ፥ ስለ ክርና ስለ ስፌት። አርብ ከቅዳሴ በኋላ ስንሰበሰብ አንዷ ከፌስታሏ ድፎ ዳቦ ታወጣለች። ሌላዋ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ በኪሮሽ የሠራችውን ዳንቴል ታሳያለች። ሌላዋ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ጥግ ላይ ትንሽ መሶብ፥ ረከቦትና ጀበና አኑራ የአያቷን ቤት የሚያስታውስ ቦታ አሰናድታለች።

ይህን የሚያይ ሁሉ ግን ደስ አይለውም። "ገንዘብ ልትሠራ መጥታ ቤት ታሳምራለች" የሚል አለ። "ስድስት ቀን የሰው ሊጥ ሳቦካ ሰንብቼ በሰባተኛው ቀን ደግሞ ላቡካ?" የምትል አለች። ከሁሉ የሚከብደው በልብ ውስጥ የሚቀረው ነው፦ "እናቴ መድኃኒት መግዣ እየቸገራት እኔ በዳቦና በክር ልደሰት?" ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። የሚጠይቀው የሚወድ ልብ ነውና። ስለዚህ ቀስ ብለን እንመርምረው።

*እጁ አንድ፥ ሥራው ሁለት*

ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነውር የለበትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፍቶ ራሱን አስተዳድሯል (ሐዋ. 18፥3)። በሰው ቤት በታማኝነት የምትሠራ እኅት ሥራዋ በእግዚአብሔር ፊት የተቆጠረ ነው። ይሁን እንጂ ደመወዝ ሰውን በጥቅሙ ይለካዋል። ስንት ልብስ ተኮሰች? ወጡ ደረሰ? ወለሉ ጠራ? ከዚህ ያለፈ ጥያቄ አይነሣም። ይህ መለኪያ ብዙ ዓመት ሲቆይ ሰው ራሱንም በዚያው መለካት ይጀምራል፤ "ካልላክሁ ምን ነኝ?" ይላል።

ለወዳጅ የተጋገረ ዳቦ ግን በዚህ አይለካም። ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፤ እጁም ያው የደከመ እጅ ነው። የተለየው ነገር ማንም ሳያዝዝ፥ ማንም ሳይከፍል፥ ለሚወዱት ሰው መደረጉ ነው። ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቅ፥ ጥቁር አዝሙዱን በመዳፍ አሽቶ ማሽተት፥ ኮባው ባይገኝ በመጋገሪያ ወረቀት መሸፈን፥ እነዚህ ሁሉ "እኔ መሣሪያ አይደለሁም፤ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠርሁ ሰው ነኝ" የሚሉ ዝም ያሉ ቃላት ናቸው። ፈጣሪ ሠርቶ ያየውን መልካም ብሎታል፤ ሰውም ሠርቶ አይቶ ደስ ሊለው ይገባል። ጠቢቡ ሰሎሞን መብላትን፥ መጠጣትንና በድካም ፍሬ መደሰትን የእግዚአብሔር ስጦታ ይለዋል (መክ. 3፥13)።

ስለ አባ ጳውሎስ የሚነገረውን አስቡ። ዮሐንስ ካሲያን እንደ ጻፈው ይህ የግብፅ መነኩሴ ከገበያ እጅግ ርቆ በበረሃ ይኖር ነበር። ሥራውን ወስዶ ቢሸጥ የመንገዱ ወጪ ከዋጋው ይበልጥ ነበር። እርሱ ግን በየቀኑ ከዘንባባ ይሠራ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅና ዋሻው ሲሞላ የሠራውን አቃጥሎ እንደ ገና ይጀምራል። ያ ሥራ አንድ ሳንቲም አላስገኘም፤ ልቡን ግን ጠበቀለት። ሁሉም በዲናር በሚተመንበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

*ቅድስና እጅን አይንቅም*

በዘፀአት ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት የተባለው ለወርቅ፥ ለእንጨትና ለጥልፍ ሥራ ነው፤ በልባቸው ጥበብ የነበራቸው ሴቶችም በእጃቸው ፈትለው ለድንኳኑ አመጡ (ዘፀ. 35፥25-35)። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበስራት ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆን ፈትል ትፈትል ነበር። ሥዕሎቻችንም በብሥራቱ ጊዜ እንዝርት ይዛ ያሳዩናል። አምላክን የወለደች እጆቿ ክር የሚያውቁ ነበሩ።

ጌታ የተወለደባት ከተማ ስሟ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም ለቅዳሴው ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ቤት ቤተ ልሔም ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ለመሥዋዕት የምናቀርበው ስንዴውን እንዳለ አይደለም፤ የተፈጨ፥ የቦካና የተጋገረ ኅብስት ነው። እግዚአብሔር ሥጋውን የሚያደርገው የራሱ ስጦታና የሰው እጅ ድካም የተገናኙበትን ነገር ነው። ታዲያ ማቡካትና መጋገር የተናቀ ሥራ ነው የሚል ማን ነው?

*በጾም ቀን የሚጋገር ዳቦ*

በኩዌት በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ ቀን የዕረፍት ቀን ይደነግጋል። ለብዙዎቻችን ያ ቀን አርብ ነው። አርብ ደግሞ የጌታን ስቅለት የምናስብበት የጾም ቀን ነው። እንግዲህ የእኛ ነገር ድንቅ ነው፤ ያለን አንድ የደስታ ቀን የጾም ቀን ሆነ!

ይህ ግን ጉዳት አይደለም። የአርብ ዳቦ ቅቤ፥ ወተትና እንቁላል የለውም። ዱቄት፥ ውኃ፥ እርሾ፥ ጨው፥ ጥቂት ዘይትና ቅመም ነው። ከሰዓቱ አልፎ ይቆረሳል፤ ይጣፍጣልም። ጾም ደስታን አይከለክልም፤ ከደስታ ላይ ትርፉን ይቀንሳል። ቀንሶ የሚቀረው ምን ያህል በቂ እንደ ሆነ ያሳየናል። በጾም ቀን ደስ የማያሰኝ ዳቦ በፋሲካም አያስደስትም፤ የጎደለው ቅቤ ሳይሆን አብሮ የሚቆርስ ሰው ነውና።

*ደስታው የሚፈተንበት*

ታዲያ የትኛው ደስታ መልካም፥ የትኛው ከንቱ እንደ ሆነ በምን እንለያለን? መጽሐፍ ስለ ልባም ሴት ሲናገር በአንዱ ቁጥር እጇ እንዝርት እንደ ያዘ ይነግረናል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ያው እጅ ወደ ድሀው ይዘረጋል (ምሳ. 31፥19-20)። መለኪያው ይህ ነው። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ገንዘቧን አይደለም፤ የሰፋችላቸውን ልብስ ነው (ሐዋ. 9፥39)። የእጅ ሥራዋ ምስክሯ ሆነ።

ዳቦ በባሕርዩ ይህን ያስተምራል። ድፎ ዳቦ ለአንድ ሰው አይጋገርም። ተባርኮ ይቆረሳል፤ የተቆረሰም ይታደላል። በቡሄ፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ ሙልሙል የሚጋገረው በደጅ ለሚጨፍሩ ልጆች እንዲሰጥ ነው። ስለዚህ እኅቴ ሆይ፥ የጋገርሽው ዳቦ ከቀጣሪዋ ቤት ተባርራ ማረፊያ ላጣችው፥ ከመጣች ሳምንት ላልሞላት፥ አርብ እንኳ መውጣት ለተከለከለችው ከደረሰ፥ ያ ደስታ ንጹሕ ነው። ዱቄትና ክር ለመግዛት ብድር ከገባሽ፥ ወይም ፎቶውን ለጥፈሽ ጓደኛሽን ልታስቀኚ ከሆነ ግን፥ ያ ደስታ አይደለም፤ ሌላ ሸክም ነው። ለእናትሽ የተለየውን ገንዘብ የሚነካም ከሆነ ይቅር። ነገር ግን አንድ ኪሎ ዱቄት የእናትን መድኃኒት አይሻማም። እናትሽም ብትጠየቅ በሕይወት ያለሽ፥ የምትስቂ ልጅ ትመርጣለች።

*ጥንቱን መውደድና ጥንቱን ማምለክ*

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በስደት ያለ ሰው የድሮ ነገር ይጣፍጠዋል፤ የሸክላ ምጣድ፥ የአክርማ ስፌት፥ የእጅ ፈትል ነጠላ። እነዚህን መውደድ መልካም ነው። በዚህ በኩዌት እንኳ የነዳጅ ሀብት የሞላው ሕዝብ የሴት አያቶቹን የበረሃ ሽመና አልጣለም። ሳዱ የሚባለው ይህ ሽመና በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ ቅርስነት የኩዌትና የሳዑዲ ዐረቢያ ሆኖ ተመዝግቧል። ሁሉን መግዛት የሚችል ሰው እንኳ የአያቱን እጅ በገንዘብ አይተካም።

ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ አንድ ሰው ይናገራል፤ ሰውዬው ከአንዱ ዛፍ በግማሹ እሳት አንድዶ እንጀራ ይጋግርበታል፥ በቀረው ጣዖት ሠርቶ ይሰግድለታል (ኢሳ. 44፥14-17)። እንጨቱ አንድ ነው። ትዝታችንም እንዲሁ ነው፤ እንጀራ ልንጋግርበት እንችላለን፥ ጣዖትም ልናደርገው እንችላለን።

ትዝታ ጣዖት ሲሆን ይዋሻል። እስራኤል በምድረ በዳ የግብፅን ዱባና ሽንኩርት አስታወሱ፤ ጅራፉን ግን ረሱ (ዘኍ. 11፥5)። እኛም የእናታችንን እንጀራ ስናስታውስ ጭሱን እንረሳለን። ያ የሚናፍቀን የማገዶ ሽታ የእናታችንን ዐይን አስለቅሷል፤ ማገዶው በጀርባዋ የተሸከመችው ነው። ዛሬ አንቺ በላክሽው ገንዘብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገዛች፥ ወይም እንጀራ ከሱቅ የምትገዛ ከሆነ፥ "አገር ቤት ተበላሸ" ብለሽ አትዘኚ። ጠቢቡም የቀደመው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅን ከጥበብ አይቆጥረውም (መክ. 7፥10)።

ደግሞ ጥንት ሁሉ ቅዱስ አልነበረም። መሶቡንና ሸማውን የወደደ ሕዝባችን ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ይሰድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድብ እንዲቀር ዐዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን መናቅ ምን ይባላል? እዚህም በጠራው ወለል እየሄዱ ያጠራችውን መናቅ ያው ኃጢአት ነው። እኛም እርስ በርሳችን፥ ቢሮ የሚሠራው በቤት የምትሠራዋን፥ ወረቀት ያላት የሌላትን እንዳንንቅ እንጠንቀቅ።

*የማይዘለል ዕድሜ*

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችን "ስመለስ እኖራለሁ" እንላለን። ጥሩው ብርድ ልብስ ለሚሠራው ቤት ይቀመጣል፤ ጥሩው ስኒ በሻንጣ ይታሸጋል፤ ሳቁም አብሮ ይታሸጋል። የኩዌት ዓመታት ከዕድሜ የማይቆጠሩ ይመስለናል። እግዚአብሔር ግን እነዚህን ዓመታት አይዘልላቸውም። ሁለት ዓመት የተባለው ዐሥር ይሆናል፤ ዐሥሩም የአንቺ ዕድሜ ነው፤ ስለ እርሱም ትጠየቂያለሽ።

ኤርምያስ በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉና ፍሬውንም እንዲበሉ አዘዛቸው (ኤር. 29፥5)። ጽዮንን እርሷቸው አላለም፤ ያለቀሱላትም እነርሱ ናቸው። ነገር ግን በምርኮም መኖር ግዴታ ሆነባቸው። ማልቀስና መትከል አይጣሉም። ስለዚህ በስደት ቤት ዳቦ መጋገር አገርን መርሳት አይደለም። እግዚአብሔር የሰጠውን የዛሬውን ቀን አለመናቅ ነው።

"እኔ ግን የራሴ ማእድ ቤት የለኝም፥ አርብም አልወጣም" የምትይ እኅት ሆይ፥ አልረሳንሽም። አንድ ልቃቂት ክርና አንድ ኪሮሽ በኪስ ይገባሉ። ሁሉ ከተኛ በኋላ አንድ መስመር ሥሪ፤ በየጥልፉ "አቤቱ ማረን" በዪ። አባ እንጦንስ በበረሃ ልቡ በጨነቀው ጊዜ መልአኩ ያሳየው ይህን ነው፤ ተቀምጦ ገመድ መታታት፥ ተነሥቶ መጸለይ፥ እንደ ገና መቀመጥ። ያም ባይቻል፥ ሌላዋ በስምሽ ቆርሳ የምታስቀምጥልሽ ቁራሽ አለች።

እናንተም አርብ የምትወጡ፥ ስትጋግሩ አንድ ድርሻ ለቀረችው አስቡ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ስሟ ይጠራ፤ ከተቻለም በምታምኑት ሰው እጅ ይድረሳት።

የመበለቲቱን የሰራፕታ ዱቄት ያላጎደለ አምላክ (1ኛ ነገ. 17፥16) የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። የደከመ እጃችሁን ያበርታ፤ የተዘጋባችሁን በር ይክፈት፤ የምታስቧቸውን ወላጆችና ልጆች በሰላም ያቆይላችሁ፤ ለአገራችሁ ምድር ያብቃችሁ። እስከዚያም የምትኖሩባትን እያንዳንዷን ቀን የሕይወት ቀን ያድርግላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።