ሰው ለመባል ዓይን ግድ ነው?

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 እ.ኤ.አ. «ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?» ብሎ ሲነሣ፣ ገና ከጅምሩ አካልን ከጨዋታው አስወጣ። ተጠያቂው ሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ መልሱ በታይፕ ተጽፎ ይመጣል። ጠያቂው መልክ አያይም፣ ድምፅም አይሰማም። የሚመዘነው አእምሮ ብቻ ነው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እነ ሉዊስ ፎን አን ፈተናውን ገለበጡት፤ ዳኛው ማሽን፣ ተፈታኙ ሰው ሆነ። ካፕቻ ብለው ሰየሙት፣ በምህጻሩም የቱሪንግን ስም አኖሩ። የሚገርመው፣ ቱሪንግ በበር ያስወጣውን አካል በመስኮት መልሰው ማስገባታቸው ነው። የተንጋደደ ፊደል ለይ፤ ኋላም የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ።

ዓይነ ስውር ሰው ኢሜይል ሊከፍት ሲል እዚህ ላይ ይገተራል። ስልኩ ላይ ያለው ስክሪን ሪደር ጽሑፍ ያነብለታል እንጂ፣ ማሽን እንዳያነበው ታስቦ የተጣመመን ሥዕል ከየት አባቱ ያንብብ? እርግጥ በጆሮ የሚሰማ አማራጭ አለ። ሲጫነው ብዙውን ጊዜ በጫጫታ የተዋጠ እንግሊዝኛ ይመጣል፤ መልሱን መጻፍ ሲጀምር ደግሞ ስክሪን ሪደሩ የሚነካውን ፊደል ሁሉ እየጠራ ቅጂውን ይሸፍንበታል። ጆሮውም የማይሰማ ከሆነ ነገሩ እዚያው አከተመ። በ2017 እ.ኤ.አ. የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉግል የሚያቀርበውን የዚህ ዓይነት የድምፅ ፈተና፣ ማንም በሚያገኛቸው ድምፅ ለዪ ፕሮግራሞች፣ ከ100 ሙከራ በ85 ያህሉ አለፉት። ሮቦቱ ገባ፣ ሰውየው ደጅ ቀረ።

«ታዲያ የሚያይ ሰው አይጠራም?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን መግቢያው የባንክ ከሆነ፣ ኮዱን ጎረቤት ካነበበው ምስጢርነቱ ቀረ። የቅርብ ሰውም ቢሆን ሊያታልል ይችላል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ላይ የይስሐቅን ዓይን መፍዘዝ የተጠቀመበት ከውጭ የመጣ ሌባ አልነበረም፤ የገዛ ሚስቱና ልጁ ናቸው። ሽማግሌው ድምፁን ተጠራጠረ፣ እጁን ዳሰሰ፣ ልብሱን አሸተተ፤ ርብቃ ያለበሰችው የፍየል ጠቦት ቆዳ ግን አሳሳተው። ምነው በተጠነቀቀ ብሎ መውቀስ ይከብዳል፤ በእጁ ያለውን መፈተሻ ሁሉ ተጠቅሟልና።

መፍትሔ ጨርሶ የለም አይባልም። በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ለመግባት የይለፍ ቃል ማስታወስ ወይም ኮድ እያዩ መገልበጥ ብቸኛው መንገድ እንዳይሆን ይጠይቃል፤ ኮፒ አድርጎ መለጠፍን ማገድም ከዚህ ጋር ይጋጫል። የጣት አሻራም ብዙ ያቃልላል።

ጉግል ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥያቄ የማይጠይቅ ካፕቻ አቅርቧል፤ የተጠቃሚውን አኳኋን ከጀርባ እየተከታተለ ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል። ፈተናው ከዓይን ወረደ ማለት ነው። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ፣ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ በኪቦርድ ብቻ የሚዘልቅ ሰው በዚያ ሚዛን ስንት ያገኝ ይሆን? ነጥቡ የሚደርሰው ለድረ ገጹ ባለቤት ነው፤ ተመዛኙ አያየውም።