ባዶ ቦታ የሚጠብቀው ልጅ

እህል በረንዳ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ከጎጃም ማኛ ጤፍ የጫኑ አይሱዙዎች ሌሊቱን እየገቡ የመጋዘኖቹን ደጅ ያጣብባሉ። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወደ መኖሪያ ቤቶች የምታስገባ ቀጭን መንገድ አለች፤ ደጅ ያጣ ሹፌር ሁሉ የሚያቆመው እዚያች ላይ ነበር። ነዋሪው ተናዶ በየበሩ ድንጋይ ደረደረ። መኪና የሚጠብቀው ልጅ ግን ገቢው በቆመው መኪና ልክ ነውና ጨለማ ለብሶ ድንጋዩን እያነሳ ያስገባ ነበር።

በሆሳዕና ማግስት የእድሩ ዳኛ አስጠሩት።

«በሌሊት ስንት ታቆማለህ?»

«ሲሞላ ስምንት ጋሼ።»

«ስድስት ብታቆምስ?»

«የሁለቱን ማን ይከፍለኛል?»

«እኛ። ምጥ የያዛት ወይ አስከሬን ማለፊያ ሲያጣ ማየት ሰልችቶናል። የመንገዷ አፍ ላይ ያለውን የሁለት መኪና ቦታ ባዶ አድርገህ ጠብቅልን። አንድ ሌሊት መኪና ከቆመበት ግን የሳምንቱ ሂሳብ ቀረብህ።»

ልጁ ጆንያ አንጥፎ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠ። አንዱ ሹፌር እጥፍ ልክፈልህ ሲለው «ይሄ ተከፍሎበታል» ብሎ መለሰው። በዚያው ሳምንት ነዋሪው ድንጋዩን ራሱ ሰበሰበ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ስታዲየም ሰፈር ነው። ኢትዮጵያ በጥር 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳችበት በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ከስታዲየሙ ጀርባ ያሉ ሰፈሮች በደጋፊ መኪና ይዘጉ ነበር። ለደመራና ለታላቁ ሩጫም ዋናው መንገድ ሲዘጋ መኪናው የሚሸሸው ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ የተመረቀው መስቀል አደባባይ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ አለው፤ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን የሰፈሩን አፍ አይጠብቅም።

ለንደን ውስጥ በዌምብሌይ ዙሪያ በጨዋታ ቀን ፈቃድ የሌለው መኪና ከነዋሪው መንገድ ላይ ቢቆም ይቀጣል። እኛ ዘንድ በየመንገዱ ፓርኪንግ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፣ ግን የሚከፈላቸው ለሞላው ነው። የሚራብ ልጅ ባዶ ቦታ እያየ ዝም እንዲል መጠበቅ ግፍ ነው። ስለዚህ ከየትኬቱ ጥቂት ብር ይነሳና የሰፈሩን መግቢያ ክፍት አድርገው ላመሹት ይከፈል፤ የከፈቱት ወይም የዘጉት መሆኑን ደግሞ ባለሥልጣን ሳይሆን እድሩ ይመስክር።